ልጃችሁ «እግሬን በቀዶ ጥገና ላስረዝም» ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ለቁመና ብቻ ተብሎ የሚደረግ የእግር ማስረዘሚያ ቀዶ ጥገና ለታዳጊ ልጅ አይሆንም። 18 ዓመት ሳይሞላው፣ እድገቱም ሳያበቃ ማንም ወላጅ ፊርማውን ባያኖር ደስ ይለኛል። ግን «አይሆንም» ብሎ ማለፍም አይበቃም። ልጁ እናንተ ዝም ብትሉትም ስልኩ ዝም አይለውም። «በፊት» እና «በኋላ» የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል፤ በመሃል ያሉትን ወራት የሚያሳየው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከሱ በላይ ማወቅ አለባችሁ።

መጀመሪያ አትሳቁበት። «አንተ ደግሞ! ቁመት ምን ሊሠራልህ ነው?» አትበሉት። አባትየው ራሱ አጭር ከሆነ «እኔስ ምን ጎደለብኝ?» ማለት ያምረዋል፤ ለጊዜው ይዋጠው። ልጁ ይህን ለማውራት ድፍረት እስኪያገኝ ምናልባት ወራት ወስዶበታል። ይልቅ ጠይቁት። መቼ ነው ያስጨንቅህ የጀመረው? ማን ምን አለህ? ስንት ሴንቲ ሜትር ቢጨመርልህ ይበቃሃል? ይህችኛዋን ጥያቄ አትዝለሏት። ዛሬ «5 ይበቃኛል» ብሎ በሳምንቱ 8፣ ከዚያ 10 ካለ የሚያስጨንቀው ነገር ቁመቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ትምህርት ቤት «ድንክ» እያለ የሚያሸማቅቀው ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈታው እሱ ነው። መምህሩን አነጋግሩ፣ ካስፈለገ ክፍል አስቀይሩት። ሰው አፉን ስላልገራ የልጅ አጥንት አይቆረጥም።

ቀጥሎ ልጁ ማደጉን ጨርሶ እንደሆነ አጣሩ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ስለ ቀዶ ጥገናው መከራከር ይጀምራል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው እዚህ ላይ ነው። ረጃጅም አጥንቶች የሚያድጉት ጫፋቸው አካባቢ ካለ የልም አጥንት መስመር ነው፣ ሐኪሞች ግሮውዝ ፕሌት ይሉታል። ጉርምስና ሲያበቃ ይህ መስመር ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጥና ይዘጋል፣ ቁመትም እዚያው ያበቃል። ሴቶች ላይ በአብዛኛው ከ13 እስከ 15 ዓመት፣ ወንዶች ላይ ከ15 እስከ 17 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ግን ዘግይቶ የሚጎረምስ ልጅ አለ። ክፍል ውስጥ ከሁሉ አጭር የነበረ ወንድ ልጅ እድገቱ ሲነሳበት በአንድ ዓመት ብቻ 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ሊመዘዝ ይችላል። ሴት ልጅ የወር አበባ ማየት ከጀመረች በኋላ ግን የሚቀራት እድገት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ለሷ ምርመራው ቀደም ማለት አለበት።

ይህን በግምት መወሰን አያስፈልግም፣ በራጅ ይታያል። ወደ ሕፃናት ሐኪም፣ ከተገኘም ወደ ሆርሞን ሐኪም ውሰዱት። የግራ እጁን ራጅ ያነሱትና የጣቶቹንና የእጅ አንጓውን አጥንቶች አይተው የአጥንቱን ዕድሜ ይነግሯችኋል። የ15 ዓመት ልጅ አጥንቱ የ13 ዓመት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ልጁ ገና ብዙ የሚያድግበት ጊዜ አለው፣ ስለ ቀዶ ጥገና ማውራቱም ያለ ጊዜው ነው። ምርመራው ሌላም ጥቅም አለው። አንዳንዴ ልጅ የሚያጥረው ስለታመመ ነው፦ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የእድገት ሆርሞን እጥረት፣ ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚቆጣው የአንጀት ሕመም፣ ሴቶች ላይ ደግሞ ተርነር ሲንድረም የሚባለው፣ ከአንድ ኤክስ ክሮሞዞም መጉደል ጋር የሚወለዱበት ችግር። እነዚህ ሕክምና አላቸው፤ ለቁመት የሚጠቅመው ግን መስመሩ ሳይዘጋ ከተጀመረ ብቻ ነው። ስለ ቀዶ ጥገና ሁለት ዓመት እየተጨቃጨቁ ይቺን ጊዜ ማሳለፍ በጣም ያሳዝናል።

ወደ ሐኪሙ ስትሄዱ ቤት የለካችሁትን ይዛችሁ ሂዱ። ጫማ አውልቆ፣ ተረከዙን፣ መቀመጫውንና ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። አናቱ ላይ መጽሐፍ አጋድማችሁ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ሁልጊዜ ጠዋት ለኩ፣ ምክንያቱም ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞና ተቀምጦ ሲውል ማታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል። በየስድስት ወሩ ከነቀኑ ጻፉት። ሐኪሙ አንዴ ከተለካ ቁመት ይልቅ በዓመት ስንት እንደጨመረ ቢያይ ይመርጣል። የወላጆችን ቁመትም ይጠይቃችኋል። የእናትና የአባትን ቁመት ደምራችሁ፣ ለወንድ 13 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ፣ ለሴት 13 ቀንሳችሁ፣ ለሁለት ብታካፍሉት ልጁ ወዴት ገደማ እንደሚደርስ ፍንጭ ይሰጣል። ፍንጭ ነው እንጂ ቁርጥ አይደለም፤ ከዚያ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል።

አሁን ቀዶ ጥገናውን ራሱን ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ሳትደብቁ፣ ሳታጋንኑም።

ዘዴውን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበረው ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የተባለ፣ በምዕራብ ሳይቤሪያ ኩርጋን ከተማ የሚሠራ የሶቪየት ኅብረት ሐኪም ነው። ሲጀምር አላማው አልገጥም ያለ ስብራትንና የተጎዳ እግርን ማዳን ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። አጥንቱ ይቆረጣል። ሳምንት ገደማ ይጠበቃል። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል እየተራራቁ ይሄዳሉ፣ ክፍተቱ ውስጥም አዲስ አጥንት ይበቅላል። ድሮ ይህን የሚሠራው ከውጭ የሚታሰር የብረት ቀለበት ነበር፣ አሁንም ይሠራበታል። አሁን ደግሞ አጥንቱ ውስጥ የሚገባ፣ ከውጭ በማግኔት መሣሪያ የሚረዝም ዘንግ አለ። 5 ሴንቲ ሜትር ማለት መጎተቱ ብቻ 50 ቀን ነው። አዲሱ አጥንት ሰውነት ለመሸከም እስኪጠነክር ደግሞ ከዚያ የረዘሙ ወራት ይፈልጋል። ዘንጉን ለማውጣት ሌላ ቀዶ ጥገና አለ።

ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል አስቡት። ቀለበት ከሆነ 1 ሚሊ ሜትሯ አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ትከፈላለች፣ ስለዚህ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ ከመኝታ በፊት ቁልፍ ይዞ ማዞር አለ። ቀለበቱን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ሽቦዎች ቆዳውን ሰንጥቀው የሚገቡበት ቦታ ሁሉ መጽዳት አለበት፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ሊይዝ ይችላል። አጥንቱ ሲረዝም ጡንቻው፣ ጅማቱና ነርቩ በግድ ይከተሉታል። ቅልጥም ሲረዝም የተረከዙ ጅማት እንደ ክራር ክር ይወጠራል፣ የእግሩ ጣቶች ወደ ታች ይጠቁማሉ፣ ተረከዙ መሬት አልነካ ይላል። ጭን ሲረዝም ጉልበት አልታጠፍ ይላል። ይህን ለመከላከል ልጁ በየቀኑ፣ ሕመሙን ችሎ፣ ፊዚዮቴራፒ መሥራት አለበት። ዛሬ ደከመኝ፣ ነገ ፈተና አለብኝ ቢል ጅማቱ አይጠብቀውም። በዚያ ላይ ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው መጥራት አለ። ወላጅን ለነዚህ ነገሮች መጥራት የሚያሳፍረው የ16 ዓመት ጎረምሳ ይህን ቀድሞ መስማት አለበት።

ሊበላሽ የሚችለውም ብዙ ነው። ኢንፌክሽን፣ የነርቭ ጉዳት፣ የደም መርጋት፣ ያልገጠመ ወይም ያለ ጊዜው የገጠመ አጥንት፣ ታጥፎ የቀረ መገጣጠሚያ። ታዳጊ ላይ የሚጨመር አለ። የእድገት መስመሩ ገና ካልተዘጋ ዘንጉ በሚገባበት ጊዜ ሊጎዳው ይችላል፣ ያን ጊዜ እግሩ ተጣሞ ወይም ከሌላው አጥሮ ሊያድግ ነው። በዳሌ በኩል የሚገባ ዘንግ ደግሞ እድገት ባልጨረሰ ልጅ ላይ ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄደውን ደም ሊያቋርጥ ይችላል፣ ይህ ዳሌውን ዕድሜ ልኩን ይጎዳዋል። መሣሪያው ራሱም ሁልጊዜ አይታመንም። በጣም ተወድሶ የነበረው ስትራይድ የተባለው ዘንግ በ2021 (እ.ኤ.አ.) በዙሪያው ያለው አጥንት ላይ ለውጥ እየታየ ስለመጣ ከገበያ ተሰብስቧል። ቻይና ደግሞ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ለውበት ብቻ የሚደረገውን ከልክላለች፣ ለሕክምና የሚደረገውን ግን ፈቅዳለች።

ይህን ልዩነት ልጁም ይጠይቃችኋል። «እነ እገሌ በ12 ዓመታቸው ተሠርቶላቸው የለም እንዴ?» ይላል። እውነቱን ነው። አንድ እግሩ ከሌላው በብዙ የሚያጥር ልጅ፣ ወይም አኮንድሮፕላዝያ (እጅና እግር እንዲያጥሩ የሚያደርግ፣ አብሮ የሚወለድ የአጥንት እድገት ችግር) ያለበት ልጅ፣ በልጅነቱ ሊሠራለት ይችላል። እዚያ ቀዶ ጥገናው የሚያስገኘው እንደ ልብ መራመድን፣ ከመደርደሪያ ዕቃ ማውረድን፣ በራስ መንቀሳቀስን ነው፤ ይህን ያህል ጥቅም ሲኖር አደጋውን መቀበል ትርጉም ይሰጣል። ጤነኛ እግር ላይ ግን የምታስይዙት ያለውን ጤና ነው። «ልጅ ስሆን ቶሎ ይድናል» ቢላችሁም አትካዱት። የልጅ አጥንት እውነትም ቶሎ ይገጥማል። ግን በ20 ዓመቱም ደህና አድርጎ ይገጥማል፣ ስለዚህ በመጠበቁ የሚያጣው ትንሽ ነው። በመቸኮሉ የሚያጣውን ግን የሚመልስለት የለም፦ ኳስ፣ ሩጫ፣ አንድ የትምህርት ዓመት፣ ከጓደኛ ጋር የሚወጣበት ጊዜ።

አንድ ነገር በደንብ ተመልከቱ። መስታወት ፊት ሰዓታት የሚቆም፣ ፎቶ የሚሸሽ፣ ጫማው ውስጥ ወፍራም ሶል ሳይከት ከቤት የማይወጣ፣ ቁመቱ ከሌሎች ጋር እኩል ሆኖ ሳለ «አጭር ነኝ» የሚል ልጅ ካላችሁ ከአጥንት ሐኪም በፊት ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ውሰዱት። ሰውነትን እንደ ጉድለት ብቻ የማየት ሕመም አለ፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚጀምረው በጉርምስና ነው። እንዲህ ያለው ሰው አጥንቱ ቢቆረጥም ጭንቀቱ ብዙ ጊዜ አይለቀውም፣ ሌላ የሚጠላው የሰውነት ክፍል ሊያገኝ ይችላል። በንግግር ሕክምና፣ ሲያስፈልግም በመድኃኒት ይሻለዋል።

በዚህ መሃል ልጁ አቋራጭ እንዳይፈልግ ንቁ። ቁመት እንጨምራለን የሚሉ ክኒኖች የተዘጋ መስመር አይከፍቱም፣ መንጠላጠልም አጥንት አያስረዝምም። ጡንቻ ለማፈርጠም ያለ ሐኪም የሚወሰዱ ቴስቶስተሮንና መሰል ሆርሞኖች ደግሞ መስመሩን ያለ ጊዜው ይዘጉታል፣ ማለትም ሊያድግ የነበረውን ልጅ እዚያው ያስቀሩታል።

ከዚያ ቀጠሮ ስጡት፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። «18 ሲሞላህ፣ እድገትህም ማለቁ በራጅ ሲረጋገጥ፣ አሁንም ከፈለግህ አብሬህ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ» በሉት። ብዙ ልጅ «ጨርሶ አይሆንም» ሲባል ተደብቆ ይፈልጋል፣ «ቆይ» ሲባል ግን ይጠብቃል። ያ ቀን ደርሶ ከሄዳችሁም ሐኪሙን ጠይቁት፦ ለቁመና ብለው ከሠሩላቸው ሰዎች ስንቶቹ ተጨማሪ ቀዶ ጥገና አስፈለጋቸው? መሃል ላይ ጅማቱ ከጠበቀ በ3 ሴንቲ ሜትር ታቆማላችሁ? ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ችግር ቢመጣ ማን ያየዋል? ራጅ ሳያነሳ፣ ልጁን ለብቻው ሳያነጋግር፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ክፍያና ቀን የሚቆርጥላችሁ ከሆነ ተነሥታችሁ ውጡ።