የካራቫን የጎማ ጣሪያ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ካራቫን፣ ማለትም ማደሪያ ያለው የጉዞ መኪና፣ ውስጥ ውሃ ሲገባ መጀመሪያ የሚወቀሰው ጣሪያውን የሸፈነው ጎማ ነው። «አርጅቷል፣ ይቀየር» ይባላል። ጎማው ግን ቻይ ነው። ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም ባይበልጥም በአግባቡ ከተያዘ ከ10 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል። ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ጎማው በተበሳበት ቦታ ሁሉ ክፍተቱን ለመድፈን የተቀባው ማሸጊያ ነው፤ የአየር ማስወጫው ዙሪያ፣ የአንቴናው እግር፣ የጣሪያ መስኮቱ ጠርዝ፣ ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበት መስመር። ሁለተኛው ችግር ፈጣሪ ደግሞ እኛው ነን። «ያጸዳል» ብለን የማናፈስስበት ኬሚካል የለም።

ጣሪያው ምን ዓይነት ነው?

የጎማ ጣሪያ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው፦ ኢፒዲኤም (EPDM) የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ እና ቲፒኦ (TPO) የሚባለው ፕላስቲክ መሰል ነገር። ኢፒዲኤም ሲነኩት ለስለስ ይላል፤ ላዩ ነጭ ቢሆንም ሥሩ ጥቁር ነው፣ ጥቂት ዓመት ፀሐይ ላይ ከቆየ ደግሞ መዳፋችሁን ስታሹበት ነጭ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ቲፒኦ ጠንከር ብሎ ወደ ፕላስቲክ ያደላል፣ ዱቄቱም እዚህ ግባ አይባልም። ካልለየላችሁ ከውስጥ በኩል የአየር ማስወጫውን ክፈፍ ፍቱና የተቆረጠውን የጎማ ጠርዝ እዩት፤ ላዩ ነጭ ሥሩ ጥቁር ከሆነ ኢፒዲኤም ነው ብላችሁ መሄድ ትችላላችሁ። እጥበቱ ለሁለቱም ያው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሲለጠፍ ነው፤ ለኢፒዲኤም የተሠራ ኮላ ቲፒኦን አይዝም። ስታንኳኩት ድርቅ ያለ ድምፅ የሚሰጥ፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ጣሪያ ከሆነ ግን ፋይበርግላስ ሊሆን ይችላልና የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

ደግሞም ሳሙና የነካው እርጥብ ጎማ እንደ ጉድ ያንሸራትታል። ጣሪያው ሰው እንደሚችል ማንዋሉ ላይ አረጋግጡ፣ ከተቻለ ኮምፔንሳቶ ዘርግታችሁ ተንበርከኩበት። የማይችል ከሆነ ከጎን መሰላል ላይ ሆናችሁ በረጅም እጀታ ብሩሽ መሥራት ነው። ብቻችሁን አትውጡ።

ነጭ መስመር በጎኑ ይወርዳል

ይሄ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ ግን ጤነኛ ነገር ነው። የኢፒዲኤም የላይኛው ሽፋን ፀሐይን እየተቀበለ ቀስ በቀስ ዱቄት ይሆናል፤ ራሱ እያለቀ ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። ዝናብ ሲመጣ ዱቄቱን ይዞ በጎን ይወርዳል፣ በቃ።

መፍትሄው እጥበት ነው፣ በዓመት 3 ወይም 4 ጊዜ። ቅጠሉንና አቧራውን ጥረጉ። ከዚያ ጣሪያውን ሳትነኩ በፊት ጎኖቹን አርጥቧቸው፣ እየሠራችሁም እንዳይደርቁ አድርጉ፤ በደረቅ ጎን ላይ የወረደ ነጭ ውሃ ደርቆ ከቀረ እሱን ማስለቀቅ ሌላ ሥራ ነው። ለስላሳ ወይም መካከለኛ ብሩሽ፣ ቀለል ያለ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ብዙ ውሃ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ቦታ እያሻችሁ፣ ሳሙናው ሳይደርቅ እያለቀለቃችሁ፣ ከሩቁ ጫፍ ወደ መሰላሉ ኑ። ወደ መሰላሉ ማለቴ ያጠባችሁትን እርጥብ ቦታ እንዳትረግጡ ነው። በከፍተኛ ግፊት ውሃ የሚረጨውን ማሽን ተዉት፤ ውሃውን በማሸጊያው ሥር ሰቅስቆ ያስገባዋል።

ከታጠበ በኋላ «ያብረቀርቃል፣ ያወዛል» የሚባል ነገር መቀባት አስፈላጊ አይመስለኝም። የነዳጅ ዘር ያለበት ከሆነ ጎማውን ይጎዳል፣ ከሌለበትም ያንሸራትታል። ነጩ ሽፋን ተበልቶ ጥቁሩ ብቅ ብቅ ካለ ግን ጉዳዩ የእጥበት ሳይሆን የሽፋን ቀለም ነው፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ጥቁር ነጠብጣብና አረንጓዴ ነገር

ሻጋታና አልጌ ነው። ጥላ፣ እርጥበትና የበሰበሰ ቅጠል ካገኘ ይበቅላል። መጀመሪያ በሳሙናው ሞክሩት፣ አብዛኛው ይለቃል። እምቢ ካለ 1 እጅ በረኪና በ4 እጅ ውሃ አቅጥናችሁ ቦታው ላይ ብቻ ቀቡ፣ ጥቂት ደቂቃ አቆዩ፣ አሽታችሁ በብዙ ውሃ እጠቡ። በጎን የሚወርደውንም አብራችሁ እጠቡ፤ የመኪናውን ቀለምና ስቲከር ያበላሻል። በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

የዛፍ ሙጫና የወፍ ኩስ

ኩሱን በለብ ያለ የሳሙና ውሃ አርሳችሁ ሲለሰልስ አንሱት። ሙጫውን በረዶ በፌስታል አድርጋችሁ አስቀምጡበት፤ ሲደርቅ ይሰባበራልና በፕላስቲክ ስፓቱላ ፈንቅሉት። የብረት ስፓቱላ አይሆንም። ቤንዚን፣ ናፍታ፣ ላምባ፣ ቲነር፣ የብርቱካን ዘይት ያለበት ማጽጃ፣ እነዚህ ሁሉ ክልክል ናቸው። ምን እንደሚያደርጉ ቀጥሎ አለላችሁ።

ጎማው አብጧል

እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም፣ የት እንደሆነና መቼ እንደሚታይ መለየት አለባችሁ።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ለስልሶና ተኮማትሮ፣ ነገር ከፈሰሰበት ቅርጽ ጋር የሚሄድ እብጠት ከሆነ ኬሚካል ነው። ኢፒዲኤም የነዳጅ ዘር ሲነካው ይጠጣውና ይነፋል፣ ከሥሩ ካለው እንጨት ጋር የያዘውም ኮላ ይለቃል። በሬንጅ የተጠገነ ጣሪያም ዕጣው ይኸው ነው፣ ሬንጅ የነዳጅ ውላጅ ነውና። ወዲያው ከደረሳችሁበት በሳሙና ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡትና ጊዜ ስጡት፤ ካልተመለሰ ያንን ቦታ ቆርጦ መለጠፍ ነው።

ትንንሽ፣ የተበታተኑ፣ ሙቀት ሲሆን ጎላ የሚሉ እብጠቶች ከሆኑ ደግሞ ኮላው በደንብ ያልያዘባቸው ቦታዎች ናቸው። ካላደጉ ተዉአቸው። በመርፌ ወግቶ አየሩን ማስወጣት የሚል ምክር ትሰማላችሁ፤ ደህና በነበረ ጣሪያ ላይ የውሃ በር መክፈት ነው። ዙሪያውን በእርሳስ ምልክት አድርጉና በሚቀጥለው እጥበት አወዳድሩ። ካደጉ፣ ወይም ሲጫኑ ሥሩ ለስለስ ካለ፣ ከታች ውሃ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው በጉዞ ላይ ብቻ የሚታይ ነው። መኪናው ሲፈጥን ጣሪያው እንደ ሸራ ይነፋል፣ ሲቆም ይተኛል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከፊት ነው፤ ጎማውን ከፊት ጠርዝ የያዘው ብረት ወይም ብሎኖቹ ላልተው ንፋስ በሥር ይገባል። ጠርዙን ፍቱ፣ እንጨቱ ደህና መሆኑን እዩ፣ ቡቲል ቴፕ (ውሃ የማያስገባ ለስላሳ ተጣባቂ ቴፕ) ከሥር አድርጋችሁ መልሳችሁ እሰሩ፣ ከላይ አሽጉ። እስከዚያ ድረስ ረጅም መንገድ አትውጡ፤ የተነፋ ጎማ አንዴ ከተቀደደ ንፋሱ ቀሪውን ይጨርሰዋል።

ማሸጊያው ተሰነጣጥቋል

እዚህ ላይ ነው ጊዜ ማጥፋት የሚገባው። በታጠበ ጣሪያ ላይ ተንበርክካችሁ እያንዳንዱን ቀዳዳ ዙሪያ በጣት ሂዱበት። ላዩ ላይ ብቻ የጸጉር ያህል ስንጥቅ ካለ እርጅና ነው፤ ጠርዙ ከጎማው ከተላቀቀ፣ ወይም የብሎን ራስ ብቅ ካለ ግን ዛሬ ነገ አይባልም።

የቀድሞውን ማሸጊያ ሁሉ መፋቅ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ሲፍቁ ጎማውን መቅደድ ይመጣል። የላላውን አንሱ፣ የቀረውን አጽዱ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ከዚያ ለጎማ ጣሪያ የተሠራውን ማሸጊያ ከላዩ ጨምሩ። ለተኛ ገጽ ራሱ ፈስሶ የሚደላደለውን ዓይነት፣ ለቆመ ወይም ለተዳፋ ገጽ የማይፈሰውን ዓይነት ውሰዱ። ተሳስታችሁ የሚፈሰውን ጠርዝ ላይ ካደረጋችሁት ግድግዳው ላይ ታገኙታላችሁ። ላዩ በሰዓታት ውስጥ ቆዳ ያበጃል፣ ውስጡ ግን እስኪበስል እስከ 30 ቀን ሊወስድ ይችላልና በየቀኑ እየሄዳችሁ አትንኩት።

ተራ ሲሊኮንን ከጣሪያው አርቁት። ጎማው ላይ በደንብ አይዝም፣ ከለቀቀ በኋላ ደግሞ የተወው ቅባት ሌላ ማሸጊያ አያስጠጋም። ቀድሞ የተቀባ ካለ እዚህ ላይ ብቻ ነው «ሙሉ በሙሉ ፋቁ» የምለው።

ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ወጣ

ውሃው የወጣበት ቦታና የገባበት ቦታ አንድ ነው ብላችሁ አትገምቱ። በጎማው ሥር ወይም በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ፣ ከሽቦ ወይም ከማገር ጋር ሄዶ፣ ሜትሮች ርቆ ሊንጠባጠብ ይችላል። መኪናው የቆመበትን ተዳፋት እዩ፤ ውሃ ወደ ታች ይሄዳልና ፍለጋው ከእድፉ ወደ ላይኛው ወገን ነው። መጀመሪያ ያገኛችሁትን ቀዳዳ መርምሩ፣ ቀጥሎ ያለውን፣ እንዲህ እያላችሁ።

ግን ዝናብ ነው ወይስ አይደለም? ማለዳ ብቻ፣ ብርድ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ባደረበት ሌሊት የሚታይ እርጥበት ከሆነ የትንፋሽና የማብሰያ እንፋሎት በቀዝቃዛ ኮርኒስ ላይ ተጠራቅሞ ነው። መስኮት ከፈት ማድረግ ይበቃዋል። ጣሪያው ላይ በተተከለው ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። ኤሲ ሲሠራ ውሃ ማውጣቱ፣ ያም በጣሪያው ላይ መፍሰሱ ያለ ነው፤ ውስጥ ሲገባ ግን ወይ የውሃ መውጫው ተደፍኗል ወይ ከሥሩ ያለው የስፖንጅ ጓርኒሲዮን ላልቷል። ከውስጥ በኩል ሽፋኑን ብትፈቱ ኤሲውን ወደ ታች የሚስቡትን ብሎኖች ታያላችሁ። እኩል በእኩል፣ በመስቀል እያዞራችሁ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። አታብዙት፤ ጓርኒሲዮኑ ከልክ በላይ ከተጨፈለቀ መቀየር ሊኖርበት ነው። የኤሲውን ዙሪያ ከውጭ በማሸጊያ መድፈን መፍትሄ አይደለም፤ ከላይ የገባውን ውሃ መውጫ ያሳጣዋል።

ምንም ካልተገኘ የውሃ ፍተሻ አድርጉ። አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቁም፣ ሌላው ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ በቀስታ በሚፈስ ውሃ አንድ አንድ ቦታ ያርስ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ስለሚነካ የቱ እንደሆነ አታውቁም። ባለሙያዎች የሚያደርጉት ደግሞ ሌላ ነው፤ መኪናውን ዘጋግተው ከውስጥ በቀላል ግፊት አየር ይነፉና ከውጭ ሳሙና ይቀባሉ፣ አረፋ የሠራበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ገንዘብ የሚያስወጣ ቢሆንም ለጠፋ ፍሳሽ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ስትረግጡት ይሰምጣል

እንጨቱ በስብሷል። ከላይ የሚቀባ ምንም ነገር አይመልሰውም። ፍሳሹን ፈልጋችሁ ዝጉ፣ ከዚያ ጎማውን ገልጦ የበሰበሰውን ኮምፔንሳቶ ቆርጦ መተካት ነው። ቦታው ከመዳፍ ሰፋ ካለ ለባለሙያ ስጡት።

ተቀዷል

ቅርንጫፍ ነው ብዙ ጊዜ። ውስጡ ውሃ ካገኘው መጀመሪያ ይድረቅ። ቦታውን አጽዱ፣ ከቅዱ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ቁራጭ አዘጋጁ፣ ማዕዘኖቹን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ሹል ማዕዘን ቶሎ ይላጣል። ለጣሪያው ዓይነት የሚሆነውን ኮላ ወይም ራሱ የሚጣበቅ የጣሪያ ቴፕ ተጠቀሙ፣ በሮለር ከመሃል ወደ ዳር ጫኑት፣ ጠርዙን በማሸጊያ ዝጉ። እንደ ኢተርናቦንድ ያለው ቴፕ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ ሳታስቡ አታስቀምጡት።

ጥቁሩ ብቅ ብሏል፣ ቀለም ልቀባ?

ከሥሩ ያለው እንጨት ደረቅና ጠንካራ ከሆነ፣ አዎ። ለጎማ ጣሪያ የተሠራ ሽፋን ዕድሜውን ያራዝማል። እርጥብ ነገር ላይ ከቀባችሁ ግን ብስባሹን አሽጋችሁበት ማለት ነው። ከቀለሙ ጋር የሚሄደውን ማጽጃና ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባውን) አትዝለሉ፤ ዱቄቱ ላይ የተቀባ ቀለም ከዱቄቱ ጋር ይነሳል። ዝናብ የማይጠበቅበት፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ቀን ምረጡ፣ ሌሊቱንም አስቡበት። አንድ ወፍራም ሳይሆን ሁለት ስስ ዙር ይሻላል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ደርቆ፣ ሮለሩም አቅጣጫውን ቀይሮ። መሰላሉ ያለበትን ጥግ ለመጨረሻ አስቀሩት፣ አለበለዚያ እስኪደርቅ እዚያው ላይ መቆማችሁ ነው።