ፕሮሰሰሩ ቀዝቅዞ ዲስኩ ሲጠበስ፦ የቤት ሰርቨር ችግርና መፍትሄ

ፋኑ እንደሚዞር፣ ገመድ ክንፎቹን እንዳልነካ፣ አቧራው እንደተጠረገ አይታችኋል ብዬ ልነሳ። ካላያችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

ምልክት፦ ቀን ሰላም ነው፤ ሌሊት ባክአፕ ወይም የዲስክ ፍተሻ ሲጀምር ሃርድ ዲስኮቹ 50 ዲግሪ ያልፋሉ

እዩልኝ ተብዬ የምከፍተው ሰርቨር አብዛኛው ችግሩ ይሄው ነው። ባለቤቱ ግን አያምንም። «ኧረ የኔ በረዶ ነው» ይልና ስልኩን አውጥቶ 38 ዲግሪ ያሳየኛል። የምን 38? የፕሮሰሰሩ ነዋ! የዲስኮቹን አሳየኝ ስለው ዝም።

ማዘርቦርዱ የኬዙን ፋኖች የሚያዘው የፕሮሰሰሩን ሙቀት እያየ ነው። ከፋብሪካ አብዛኛው እንደዚያ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። ለጌም ኮምፒውተር ያስኬዳል። ሰርቨር ላይ ግን ፋይል ሲገለበጥና ፓሪቲ (አንድ ዲስክ ሲሞት ዳታው የሚመለስበት መጠባበቂያ ስሌት) ሲፈተሽ ፕሮሰሰሩ ሲያንቀላፋ ያድራል፤ ለሰዓታት የሚለፉት ዲስኮቹ ናቸው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ሥራ ላይ እያለ ከ6 እስከ 10 ዋት ገደማ ይበላል፣ የበላውም በሙቀት መልክ ይወጣል። ስድስቱ ጎን ለጎን ሲደረደሩ የመሃሎቹ በግራም በቀኝም ይታፈናሉ። ፋኑ ይሄን ከየት ይወቀው? ፕሮሰሰሩ ቀዝቅዟል ተብሎ ተነግሮታል፣ ዝግ ብሎ ይዞራል።

ብዙ ዲስኮች ላይ የአምራቹ የሥራ ሙቀት ጣሪያ 60 ዲግሪ ነው። ያ ማለት 58 ላይ ተረጋግታችሁ ተኙ ማለት አይደለም። እኔ 45ን ሲያልፍ ኬዙን እከፍታለሁ።

መፍትሄው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ይጀምራል። የፊት ፋኖቹን ዝቅተኛ ፍጥነት 40 ወይም 50 በመቶ ላይ አድርጉት፣ ከዚያ እንዳይወርድ። የሙቀቱን ምንጭ መቀየር የሚፈቅድ ባዮስ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ አንሱና ወደ ማዘርቦርዱ ሴንሰር አዙሩት። ከሁሉ የሚሻለው ግን የዲስኮቹን ሙቀት ከስማርት ሪፖርት (ዲስኩ ስለራሱ ጤንነት ከሚመዘግበው) እያነበበ ፋኑን የሚነዳ ትንሽ ፕሮግራም መጫን ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ሙቀት ላንብብ ብሎ የተኛ ዲስክ እንዳይቀሰቅስ አድርጋችሁ አስተካክሉት። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ድንገት ከቆመ ፋኑ ወደ ሙሉ ፍጥነት መሄድ አለበት። ይሄን ያልሞከረ ሰው ፕሮግራሙ በሞተበት ፍጥነት ላይ ፋኑ ተጣብቆ ሳምንት ይከርምበታል። ራሳችሁ ግደሉትና ምን እንደሚሆን እዩ።

ቀጥሎ አየሩ የት እንደሚሄድ ተመልከቱ። አየር ሰነፍ ነው፣ ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው። አንድ ወዳጄ ፋን ላይ ፋን ሲጨምር ሙቀቱ ንቅንቅ አላለም። ኬዙን ስንከፍተው ከዲስኮቹ በላይ የሲዲ ማጫወቻ ቦታው ባዶውን አፉን ከፍቷል፤ የፋኖቹ አየር ዲስኮቹን ትቶ በዚያ ያልፋል። ካርቶን ቆርጠን ደፈንነው፤ ከተጨማሪዎቹ ፋኖች አንዱም ሳያስፈልግ ሙቀቱ ወረደ። እናንተም አንድ ቅጠል ሶፍት በጣታችሁ ይዛችሁ የኬዙን ፊት ከላይ እስከ ታች አዳርሱት። የሚሳብበት፣ የሚገፋበትና ፀጥ የሚልበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዲስኮቹ ፊት ፀጥ ካለ ችግሩን አገኛችሁት። ቦታ ካላችሁ ደግሞ በዲስኮቹ መካከል አንድ አንድ ክፍት ተዉ።

ከዚያ ሙሉ ፍተሻ አስጀምራችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ዲስክ ብረት ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚግለው። አሥር ደቂቃ አይቶ «ተስተካከለ» ያለ ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ሰርቨሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ከቆለፋችሁት ግን አትጠይቁኝ። «ድምፁ ይረብሻል» ይባላል። ያንኑ የጋለ አየር መልሶ መላልሶ ሲስብ ማን ያቀዝቅዘው?

ምልክት፦ ሥራ ሲበዛ ዲስክ ከሲስተሙ ይጠፋል፣ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሳ ተመልሶ ይመጣል

ሰው ወዲያው አዲስ ዲስክ ይገዛል። አዲሱም ይጠፋል። ሌላ ይገዛል። እባካችሁ ገንዘባችሁን ያዙና መጀመሪያ የስማርት ሪፖርቱን እዩ። 199 ቁጥር (የዳታ ዝውውር ስህተት) እየጨመረ 5 እና 197 (የተበላሹና የሚጠረጠሩ የዲስኩ ቦታዎች) ዜሮ ከሆኑ ዲስኩን ተዉት፤ ጥርጣሬያችሁ ገመዱና ዲስኮቹን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ካርድ (ኤችቢኤ) ላይ ይሁን። ገመድ ቀይራችሁ ካልተሻለው ኤችቢኤ ካርዱን ንኩ። ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚያወጣው ብረት) ላይ ጣታችሁን ማቆየት ካልቻላችሁ ተገኘ። እነዚህ ካርዶች የተሠሩት እንደ አውሎ ነፋስ ለሚነፍስ የኩባንያ ሰርቨር ነው፤ የብዙዎቹ መመሪያ በላያቸው በደቂቃ 200 ጫማ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ የሚያልፍ አየር ይጠይቃል። ፀጥ ባለ የቤት ኬዝ ውስጥ ያ የለም። 40 ሚሊ ሜትር ፋን ሂትሲንኩ ላይ እሰሩ፣ ወይም ከጎን 80 ሚሊ ሜትር አቁሙ። ካርዱ ያገለገለ ከሆነ ቴርማል ፔስቱ (በቺፑና በሂትሲንኩ መካከል ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ቀይሩት። የሂትሲንኩን የፕላስቲክ መያዣዎች በቀስታ፤ ከእርጅና ብዛት ቀጭ ይላሉ።

ምልክት፦ ፋኖቹ ሁሉ በየጥቂት ሰከንዱ ይጮሃሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ይጮሃሉ

የሰርቨር ማዘርቦርድ ላይ ፀጥ ያለ ፋን ስትገጥሙ ነው። ዙሩ ቦርዱ ከሚጠብቀው ዝቅተኛ ገደብ ሲወርድ ፋን የሞተ ይመስለውና ሁሉንም በሙሉ ፍጥነት ይለቃቸዋል። በአይፒኤምአይ (የሰርቨር ማዘርቦርድ መቆጣጠሪያ) በኩል ገደቡን ዝቅ አድርጉ።

ፋኑ ፍጥነት አልቀይር ካለ ባዮስ ውስጥ ባለ 3 እግሩን በዲሲ (በቮልቴጅ)፣ ባለ 4 እግሩን በፒደብሊውኤም (በምልክት) መቆጣጠሪያ ላይ አድርጉ። ኤንቪኤምኢ (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ፈጣን ኤስኤስዲ) ትልቅ ፋይል ሲጻፍበት ከዘገየ ሂትሲንክ ግዙለት፣ ከመግጠማችሁ በፊትም ከሂትሲንኩ ሥር የተለጠፈውን ስስ መሸፈኛ ፕላስቲክ ላጡ።

ምልክት፦ የፕላስቲክ ቃጠሎ ሽታ

አሁኑኑ አጥፉ። ከሶኬቱም ንቀሉ። ከሞሌክስ (ከድሮው ባለ 4 እግር የኃይል መሰኪያ) ወደ ሳታ (የዲስክ ኃይል መሰኪያ) የሚቀይረውን ርካሽ ገመድ እዩ፤ ጫፉ ሽቦዎቹ ላይ በቀለጠ ፕላስቲክ የታተመ ከሆነ እሱ ነው። ውስጡ ሽቦዎቹ ተጠጋግተው በጊዜ ብዛት ይነካካሉ፣ ከዚያ ይነዳል። የሚያዋጣው ሽቦው ተቆንጥጦ የሚገባበትና ጀርባው የሚከፈተው ዓይነት ነው። ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ገመድ ደግሞ በፍጹም አትሰኩ፣ አንድ ኩባንያ ቢሠራቸውም። የፓወር ሰፕላዩ በኩል የእግሮቹ አሰላለፍ ይለያያል፤ 12 ቮልቱ በ5 ቮልቱ መስመር ከገባ ዲስኮቹ በሙሉ ባንዴ ነው የሚሄዱት።