በጠባይ ማረሚያ ተቋም ለሚኖሩ ልጆች የተሃድሶ አገልግሎት እንዴት ይዘረጋል?

ይህ ጽሑፍ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነፃነታቸው ተገድቦ በጠባይ ማረሚያ ተቋም የሚኖሩ ልጆችን ለሚያስተዳድሩ ኃላፊዎች፣ ለማኅበራዊ ሠራተኞች፣ ለመምህራንና ሌት ተቀን አብረዋቸው ለሚውሉ ተንከባካቢዎች የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 37 ሕፃንን ማሰር የመጨረሻ አማራጭ ሊሆንና ሊቆይ የሚገባውም ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደሆነ ደንግጓል። በመሆኑም ባለሙያው ስለ ልጁ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ሪፖርት፣ ልጁ በቤተሰቡ ዘንድ ሆኖ ክትትል ሊደረግለት የሚችልበት መንገድ ካለ በግልጽ ሊያመለክት ይገባል። ያለበቂ ምክንያት የታሰረን ልጅ በግቢው ውስጥ የሚሰጥ የትኛውም ጥሩ አገልግሎት አይክሰውም።

ልጁ ወደ ተቋሙ ሲገባ የሚደረገው ቅበላ የቀረውን ሥራ ሁሉ ይወስናል፤ ስለዚህ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1990 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቃቸውና ነፃነታቸው ስለተገደበ ልጆች አያያዝ የሚናገሩት፣ በተለምዶም የሐቫና ደንቦች የሚባሉት ድንጋጌዎች፣ ልጁ እንደገባ ሳይዘገይ እንዲጠየቅ፣ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ሁኔታ ሪፖርት እንዲዘጋጅለት፣ በሐኪምም እንዲመረመር ያዛሉ። የተቋሙ ደንብና የልጁ መብቶች በሚገባው ቋንቋ ሊነገሩት ይገባል፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ ደግሞ ወረቀት አስፈርሞ መሸኘት ሳይሆን እስኪገባው ድረስ ማስረዳት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ አለው ወይ፣ የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ፣ ከአደንዛዥ ዕፅ በድንገት በመለየቱ የሚሰማው ሕመም አለ ወይ፣ እዚህ መሆኑንስ ከቤተሰቡ ማን ያውቃል። የቀረውን በሚቀጥሉት ቀናት ቀስ ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ የፈራ ልጅ በመጀመሪያው ሌሊት የሚሰጠው መልስ ብዙ አያስተማምንምና።

በነዚህ ቀናት ከሚደረጉ ምርመራዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘነጋው የንባብ፣ የዕይታና የመስማት ፈተና ነው። በክፍል ውስጥ ደብተሩን የሚወረውር፣ መምህሩን የሚሳደብ፣ «ትምህርት አልወድም» የሚል የ15 ዓመት ልጅ ለብቻው ተቀምጦ አንድ አጭር አንቀጽ እንዲያነብ ቢጠየቅ፣ ጣቱን ከፊደል ወደ ፊደል እየጎተተ ሁለተኛው መስመር ላይ ሊቆም ይችላል። ይህ ልጅ አመፀኛ ከመባሉ በፊት በእኩዮቹ ፊት ማፈሩ ሊታወቅለት፣ ፊደል ማስቆጠርም ከሌሎች ተለይቶ በግሉ ሊጀመርለት ይገባል።

ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ዕቅድ ይወጣል። በመስኩ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው አሠራር ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ጠንከር ያለ አገልግሎት እንደገና የማጥፋት ዕድሉ ከፍ ላለው ልጅ እንዲሰጥ፣ ሥራው ልጁን ወደ ጥፋት በሚመሩት ምክንያቶች ላይ እንዲያተኩር፣ የአሰጣጡም መንገድ ከልጁ የመማር ችሎታ ጋር እንዲጣጣም። የመጀመሪያው ነጥብ በተለይ ጥንቃቄ ይሻል፤ በቀላል ጥፋት የገባን ልጅ ከባድ ጥፋት ከፈጸሙት ጋር አንድ ላይ ማዋልና ማሳደር ጉዳት ያስከትላል። ዕቅዱ ልጁ ራሱ በተገኘበትና ሐሳቡን በሰጠበት ስብሰባ መዘጋጀት አለበት፤ ግቦቹም ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ይበቃል። «ጠባዩን ያሻሽላል» የሚለው ሐረግ ማንም ሊለካው ስለማይችል ግብ አይባልም። «ሲሰድቡት እጁን ሳያነሳ ዘወር ብሎ ለተንከባካቢው ይናገራል» የሚለው ግን ሊለማመዱትም ሊመዘግቡትም የሚቻል ነው።

አስተሳሰብንና ድርጊትን አያይዞ የሚያሠለጥነው የቡድን ምክር አገልግሎት የተሃድሶው ዋና አካል ነው። አርኖልድ ጎልድስቲንና ባሪ ግሊክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዘጋጁት ሥልጠና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ከሰዎች ጋር የመኖር ክህሎትን፣ ቁጣን መግታትንና በቀና ኅሊና መፍረድን አጣምሮ የያዘ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ጊዜ ለ10 ሳምንታት ይሰጣል። ልጆቹ ሁኔታዎችን በተግባር እያስመሰሉ ስለሚለማመዱ ቡድኑ አነስተኛ መሆን አለበት። ይሁንና ሥልጠናው ፍሬ የሚያፈራው ከክፍሉ ውጭ ሲቀጥል ብቻ ነው። በምግብ ሰልፍ ላይ አንዱ ሌላውን ገፍቶ ጠብ ሊነሳ ሲል፣ ተረኛው ተንከባካቢ ልጁ በክፍል የተማረውን ስለሚያውቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁን ሰውነትህ ምን እየተሰማው ነው? ቀጥሎ ምን ልታደርግ ተለማምደሃል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ያ ቅጽበት የአንድ ሙሉ ሰዓት ትምህርት ያህል ዋጋ አለው። ስለዚህ ሥልጠናው ከሥነ ልቦና ባለሙያው አልፎ ለዘበኛውም፣ ለሌሊት ተረኛውም፣ ለወጥ ቤት ሠራተኛውም መሰጠት ይኖርበታል።

ቅጣትንና ማስፈራራትን ተሃድሶ ብሎ መጥራት ስሕተት ነው። ተመራማሪው ማርክ ሊፕሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት፣ 548 የጥናት ናሙናዎችን በመረመረው ትንተና፣ ምክርና ክህሎት ላይ የተመሠረቱ አገልግሎቶች ከቁጥጥርና ከማስገደድ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይተዋል። ልጆችን ወደ ዐዋቂዎች እስር ቤት ወስዶ በታራሚዎች ማስፈራራት ደግሞ ከመጥቀም ይልቅ እንደገና ማጥፋትን እንደሚያባብስ ተረጋግጧል። የሐቫና ደንቦች ድብደባን፣ በጨለማ ክፍል ማስቀመጥን፣ ለብቻ መዝጋትን፣ ምግብ መቀነስንና ቤተሰብ እንዳያይ መከልከልን በፍጹም አግደዋል። ምግብንና የቤተሰብ ጥየቃን የጥሩ ጠባይ ሽልማት የሚያደርግ ተቋም ካለ ይህን አሠራር ዛሬውኑ ሊያቆም ይገባዋል።

ትምህርቱ ብቃት ባላቸው መምህራን፣ የአገሪቱን ሥርዓተ ትምህርት ተከትሎ መሰጠት አለበት፤ የሚቻል ሲሆን ልጆቹ ከግቢው ወጥተው በአካባቢው ትምህርት ቤት ቢማሩ ይመረጣል። የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ልጁ በተቋም እንደነበረ የሚያሳይ ምንም ምልክት እንዳይኖረው ደንቦቹ ያሳስባሉ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም፣ ማኅተሙ ላይ የማረሚያው ስም የታተመበት ወረቀት የያዘ ወጣት ሥራ ፍለጋ በሄደ ቁጥር ወረቀቱን ለማውጣት ያመነታል። ከአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግሮ ወረቀቱ በመደበኛ ትምህርት ቤት ስም እንዲሰጥ ማድረግ የኃላፊው ሥራ ነው። የሙያ ሥልጠናው ልጁ በሚመለስበት አካባቢ ሥራ የሚያስገኝ ይሁን፤ ግቢ መጥረግና ልብስ ማጠብ የሙያ ሥልጠና አይባሉም።

ቤተሰብ ሳይሳተፍ የሚደረግ ተሃድሶ ልጁ በወጣ ማግስት ይፈርሳል። ደንቦቹ ጥየቃ በመርሕ ደረጃ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ግን በወር አንድ ጊዜ እንዲፈቀድ ይጠይቃሉ፤ ልጁ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ወይም በስልክ ከመረጠው ሰው ጋር እንዲገናኝም ይፈቅዳሉ። ሆኖም ጥየቃው በሥራ ቀን ጠዋት ብቻ ከሆነ፣ የቀን ሥራ የምትሠራ እናት በወረቀት ላይ ያላትን መብት ልትጠቀምበት አትችልም። ሰዓቱን ማስተካከል፣ ለትራንስፖርት የሚሆን ድጋፍ መፈለግ፣ ወላጆችን በዕቅድ ስብሰባ ላይ ማስቀመጥ፣ በቤት ውስጥ ግፍ ካለም ሌላ አስተማማኝ ዘመድ ማፈላለግ የማኅበራዊ ሠራተኛው ድርሻ ነው።

ልጆቹ በየቀኑ ከቤት ውጭ እንዲጫወቱና ስፖርት እንዲሠሩ፣ የጤናና የጥርስ ሕክምና እንዲያገኙ ማድረግ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚያሻው ጉዳይ አይደለም። ልጃገረዶች ግን በቁጥር ስለሚያንሱ ብቻ ከሥልጠናና ከጨዋታ ሜዳ እንዳይቀሩ የተለየ መርሐ ግብርና ሴት ሠራተኞች ሊመደቡላቸው ይገባል።

የመውጫ ዝግጅት ልጁ በገባበት ሳምንት መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። የልደት ማስረጃና መታወቂያ ከሌለው ማስወጣቱ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ የትምህርት ቤት ምዝገባም የራሱ ወቅት አለው። የተባበሩት መንግሥታት ስለ ወጣት አጥፊዎች ፍትሕ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣቸው የቤጂንግ ደንቦች ሙሉ በሙሉ ከመለቀቅ በፊት የመሸጋገሪያ ቤቶችና የቀን ማሠልጠኛ ማዕከላት እንዲኖሩ ያበረታታሉ፤ እነዚህ በሌሉበት ደግሞ ልጁ ቅዳሜና እሑድን ከቤተሰቡ ጋር እንዲያሳልፍ እየፈቀዱ ማለማመድ ይቻላል። በሚወጣበት ቀን በእጁ ሊኖሩ የሚገባቸው የማንነት ሰነዶቹ፣ የትምህርት ማስረጃው፣ ሕክምና ካለው ቢያንስ እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ የሚያደርሰው መድኃኒትና ልጁ ሲቸግረው ሊደውልለት የሚችል ሰው ስልክ ቁጥር ናቸው። ይህ ሰው በተቋሙ ውስጥ የሚያውቀው ቢሆን ይመረጣል።

ክትትሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠንክር፤ እየቆየም ይላላ። መዝገቡ ላይ ዳግም ተይዟል ወይስ አልተያዘም የሚለውን ብቻ ሳይሆን፣ ትምህርት ቤት እየሄደ መሆኑን፣ የት እንደሚያድርና ከማን ጋር እንደሚውል መጻፍ ያስፈልጋል። ልጁ እንደገና ቢያጠፋ የመጀመሪያው ዕቅዱ ወጥቶ ይነበብ፤ የትኛው ግብ እንዳልተሳካ፣ የትኛው አገልግሎት ቃል ተገብቶለት እንዳልደረሰው ራሱ ባለበት ተጣርቶ አዲሱ ዕቅድ ከዚያ ይነሳ።