ኳሱ ምላስ ውስጥ ሲሰምጥ፦ አዲስ የተበሳ ምላስ ችግርና መፍትሄ

ባልታጠበ እጅ አለመንካት፣ አለመሳሳም፣ ሲጋራና ሺሻ መተው፤ እነዚህን የሚበሳ ሰው ሁሉ ስለሚነገረው አልደግማቸውም። የምጽፈው እዚህ ፒያሳ ሰዎች አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ስለሚመጡባቸው ችግሮች ነው። ከአብዛኞቹ ጀርባ ያለው የዘንጉ፣ ማለትም ምላሱን አልፎ ላይና ታች በኳስ የሚታሰረው የጌጡ ብረት፣ ርዝመት ነው።

ምላስ አብጧል፣ ምራቅ ይበዛል፣ ንግግር ይኮላተፋል

ይሄ ጤናማ ነው። እብጠቱ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይብሳል፣ ከሳምንት በኋላ ይጎድላል። የበረዶ ቁራጭ ምጠጡ፣ አታኝኩት። ትራስ ከፍ አድርጋችሁ ተኙ። ኢቡፕሮፌን ይረዳል፤ ጨጓራ ያለበት ግን ፓራሲታሞል ይውሰድ። ከቀዳዳው የሚወጣው ነጣ ያለ ወይም ፈዛዛ ቢጫ ፈሳሽም መግል አይደለም።

ኳሱ ጠፋ፣ ወይም ግማሹ ምላስ ውስጥ ገብቷል

ደጋግሜ የማየው ይሄን ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ሲበሳ አጭር ዘንግ ገብቶለታል። ምላስ እንደሚያብጥ እየታወቀ ለእብጠቱ ቦታ አልተተወለትም። የመጀመሪያው ዘንግ እንደ ምላሱ ውፍረት ከ18 እስከ 22 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 1.6 ሚሊሜትር ነው። መጀመሪያ ላይ ረዝሞ ሲታይ ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ቻሉት።

አንዲት ልጅ የጓደኛዋ ሰርግ ሳይደርስ ብላ ፀጉር ቤት ተበሳች። የገባላት ለእምብርት የተሠራ አጭር ዘንግ ነበር። በ4ኛው ቀን የታችኛው ኳስ ከዓይኗ ጠፋ። ወልቆ የወደቀ መስሏት ትራሷን ስታራግፍ አደረች። ኳሱ ግን እዚያው ምላሷ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ይህን ያዙ፦ የላይኛው ኳስ በቦታው ካለና ዘንጉ ወደ ላይም ወደ ታችም አልንቀሳቀስ ካለ፣ የታችኛው አልወደቀም። ሰምጧል።

ሌላው የታክሲ ረዳት ነው። በተበሳ ማግስት ሥራ ገባ። ቀኑን ሙሉ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ውሎ ማታ ምላሱ ከአፉ አልበቃ አለው። ዘንጉ ደግሞ ከገበያ በጅምላ ከሚሸጠው፣ የሚያብረቀርቅ ቅብ ካለው ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው ዘንግ ቅቡ ይላጣል። ኳሱ የሚታሰርበት የብሎን ጥርስ ከዘንጉ ውጭ ስለሆነም ሲገባ ሥጋውን ይፍቃል። ለአዲስ ቀዳዳ ኤኤስቲኤም ኤፍ 136 የሚባለውን፣ ሰውነት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ የሚሆን ደረጃ ያለውን ታይታኒየም ጠይቁ። «ኦሪጅናል ነው» የሚል ሻጭ ይህን ማሳየት ካልቻለ ተዉት። በጣም ያናድደኛል፤ ሰው ለጫማው የሚጠይቀውን ያህል ለምላሱ አይጠይቅም።

መፍትሄው፦ ኳሱ በትንሹም ቢሆን የሚታይ ከሆነ በዚያው ቀን ንጹሕ ዕቃ ወዳለው ባለሙያ ሄዳችሁ በረጅም ዘንግ አስቀይሩ። ነገ አትበሉ፣ ሥጋው በአንድ ሌሊት ይዘጋበታል። ሥጋ ከሸፈነው ግን ሥራው የሐኪም ነው፤ አደንዝዞ ከፍቶ ያወጣዋል። በወረንጦ አትጎትቱ። በጥፍር አትፈልቅቁ። ጓደኛ በስልክ መብራት እያየ እንዲሞክር አትፍቀዱ። አንድ ልጅ በዚህ መንገድ ላዩን ኳስ ፈትቶ፣ ዘንጉ ከነታችኛው ኳስ ውስጥ ቀርቶበት መጥቷል።

ምላስ ነጭ ሽፋን ለብሶ ያቃጥላል

ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ስለታጠበ ነው። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዳንዴ አረቄ! አረቄ ቁስል አያድንም፣ ያቃጥላል። እናቶች በቅንነት ነው የሚያዙት፤ በአክብሮት እምቢ በሏቸው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ውሃ አንድ ብርጭቆ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 30 ሰከንድ መጉመጥመጥ፣ ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ኖርማል ሳላይን (የተዘጋጀ ንጹሕ የጨው ውሃ)ም ይሆናል።

ምግቡም አለ። በርበሬና ሚጥሚጣ ለሁለት ሳምንት ይቅሩ። የቀዘቀዘ አጥሚት፣ እርጎ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ ጁስ በማንኪያ። ቡናም በረድ ይበል። ጫት ፈጽሞ አይሆንም፤ ቅጠሉ ዘንጉ ሥር ይሰገሰጋል።

ህመሙ ከሳምንት በኋላ ይጨምራል፣ መጥፎ ሽታ ያለው አረንጓዴ መግል፣ ትኩሳት

ኢንፌክሽን ነው፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጌጡን ራሳችሁ አታውልቁ፤ ቀዳዳው ተዘግቶ መግሉ ውስጥ ይቀራል። የተረፈ አሞክሲሲሊን ከጎረቤት ለምናችሁ አትዋጡ።

እብጠቱ ወደ አገጭ ሥርና አንገት ከወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ አትጠብቁ። ጥቁር አንበሳ ወይም ዘውዲቱ ድንገተኛ ክፍል ግቡ፤ መኪና ካጣችሁ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የማያቆም ማሳከክና መቅላት፦ በዘንጉ ውስጥ ላለ ኒኬል ለሚባል ብረት አለርጂ ሊሆን ይችላል፣ ዘንጉ ይቀየር። ኳስ መዋጥ፦ ብዙ ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ካለ ሆስፒታል።

እብጠቱ ጠፍቷል፣ ኳሱ ግን ጥርስ ይመታል

አሁን ደግሞ ዘንጉ ረዝሟል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ በአጭር ካልተቀየረ እንጀራ ስታኝኩ ትነክሱታላችሁ፣ ጥርስ ይሸረፋል፣ የታችኛው የፊት ድድ እየሸሸ ይሄዳል። የሸሸ ድድ በራሱ አይመለስም። ከቁስሉ የዳኑ የመሰላቸው ብዙዎች ይህን ቀጠሮ ይረሱታል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቅያሪውንም ቤት ውስጥ በመስታወት አትሞክሩ። አሮጌው ሲወጣ አዲሱ ወዲያው መግባት አለበት፣ አዲስ ቀዳዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠባል።