ቬቹን ያቀጨጨው የፎስፈረስ እጥረት ነበር

ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ጎርፍ ባጠበው ቀይ ማሳዬ ላይ ለላሞቼ ቬች የሚባለውን የመኖ ተክል ዘርቼ ሁለት ዓመት ከስንዝር አላልፍ አለኝ። ቅጠሉ ጠቆር ብሎ ጠርዙ ወደ ሐምራዊ ያደላ ነበር። የናይትሮጅን ማዳበሪያ የሆነውን ዩሪያ ጨመርኩ፤ አረሙ ብቻ ገነነ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፦ ቬች ናይትሮጅኑን በሥሩ ዕጢዎች አማካይነት ከአየር ያገኛል፤ የጎደለው ፎስፈረስ ነበር። ነቅዬ ዕጢውን ስሰነጥቀው ውስጡ ነጭ ነው፤ የሚሠራ ዕጢ ግን ቀላ ይላል።

ፎስፈረስ ያለበት የፋብሪካ ማዳበሪያ፣ ኤንፒኤስ፣ ለጤፉ እንጂ ለመኖ የሚተርፍ አልነበረም። አጥንት ፎስፈረስ ስላለው ከዓረፋና ከፋሲካ በኋላ የመንደሩን ሰበሰብኩ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አዋጣኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። እሳት ላይ አክስዬ፣ በሙቀጫ ወቅጬ በወንፊት ነፋሁት። መድቀቁ ዋናው ነው፤ ጉርዱ ቶሎ አይሟሟም። ፎስፈረስ ከወደቀበት ብዙ ስለማይርቅ መበተኑን ትቼ፣ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅዬ በመስመር ከዘሩ አጠገብ ቀበርኩት። የሚያሟሟው የአፈሩ ኮምጣጣነት ስለሆነ፣ ኖራማ አፈር ያላችሁ በዚህ አትድከሙ።

ዘንድሮ ቬቹ ጉልበቴ ደረሰ፣ ዕጢውም ቀልቷል። ለማነጻጸር ምንም ሳልጨምር የተውኩት መደብ አሁንም ስንዝር ነው።