በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ለሚቋረጥ ሰው ቀዶ ሕክምና፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በወሎ ገጠር ከሁሉ የሚከፋው ስህተት እንጥል ማስቆረጥ ነው። ለጉሮሮ ሕመም የተለመደ ስለሆነ ብቻ ለማንኮራፋትም ይበጃል ብሎ መገመት ቀላል ነው። ሰው ሲተኛ የአየር መንገዱን የሚዘጋው ግን እንጥል ብቻ አይደለም፤ ላንቃው ይላላል፣ የምላስ ሥር ወደ ኋላ ይወድቃል፣ የጉሮሮ ግድግዳም ከጎንና ጎን ይጠባል። በምላጭ የተቆረጠ እንጥል ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ መንጋጋ ቆልፍም ሊያስከትል ይችላል። ጠባሳው ሲኮማተር ደግሞ የቀረውን መንገድ ያጠብባል።

ሳይለኩ ቢላ ሥር መግባትም አለ። በእንቅልፍ ምርመራ የሚቆጠረው 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የዘለቀ የትንፋሽ መቋረጥና መቀነስ ነው፦ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ። ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ የአንገት በላይ ሐኪም በሽተኛውን በመድኃኒት አስተኝቶ፣ በቀጭን ካሜራ የሚዘጋው የት እንደሆነ ሊያይ ይችላል። የምላስ ሥር ለሚዘጋበት ሰው ላንቃን ብቻ ማስተካከል ብዙ አይፈይድም። የተጣመመ የአፍንጫ አጥንት ማቃናትም ብቻውን በሽታውን የሚያድነው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲፓፕን (በእንቅልፍ ጊዜ በጭንብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ) ለመጠቀም ግን ምቹ ያደርጋል።

ልጆች ላይ ስህተቱ ተገላቢጦሽ ነው፤ «ሲያድግ ይተወዋል» እየተባለ ይዘገያል። ቶንሲሉና አዴኖይዱ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለው እጢ) ያበጠ፣ አፉን ከፍቶ እያንኮራፋ የሚተኛ ልጅ የመጀመሪያ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ማውጣት ነው።

ሕመሙን ከሰመመን ሰጪው አይደብቁ፤ ሲፓፕ ካለዎት ይዘው ይግቡ። የእንቅልፍ መድኃኒት፣ አረቄና ጠንካራ ማስታገሻ ያበጠውን ጉሮሮ ይበልጥ ያላላሉ። ቶንሲል ለወጣለት ልጅ ኮዴይንና ትራማዶል የተባሉት ማስታገሻዎች አይሰጡም።

ቶሎ ወደ ቤት መሮጥም አደገኛ ነው። ቶንሲል ከወጣ በኋላ ዳግም መድማት ብዙውን ጊዜ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ይመጣል፤ ስለዚህ ከመቄት ወይም ከለጋምቦ የመጣ ሰው እነዚህን ቀናት ደሴ ዘመድ ቤት ቢቆይ ይሻለዋል። አጥሚት፣ እርጎና ብዙ ውኃ እንጂ ቆሎና በርበሬ የበዛበት ወጥ አይቅረብለት። ቁስሉ ላይ የሚታየው ነጭ ሽፋን መግል አይደለም፤ በጣት አይጠረግ። ቀይ ደም ከተፋ ግን ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይሂድ።

ማንኮራፋቱ ጠፋ ማለት ትንፋሹ መቋረጡን ተወ ማለት አይደለም። ከጥቂት ወራት በኋላ ምርመራው ይደገም፤ እስከዚያ ሲፓፑ አይሸጥ።