ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ ፓርክ፦ ከልጆች ጋር ድንኳን ተክሎ እንዴት እንደሚታደር

ለአክስቴ ደውዬ «ቅዳሜ ድንኳን ልንተክል ነው» ስላት መጀመሪያ ያለችኝ «ማን ሞተ?» ነው። አይፈረድባትም። እኛ ዘንድ ድንኳን የሚተከለው ለለቅሶ ወይ ለሠርግ ነው። ቤት እያለ ሄዶ ሜዳ ላይ መተኛት ለእሷ እብደት ነው። እኔና ባለቤቴ ግን ከሦስት ልጆቻችን ጋር አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሦስት ጊዜ አድረናል። የመጀመሪያው ውርደት ነበር። ሁለተኛው ግማሽ ውርደት። በሦስተኛው ነው እንቅልፍ የተኛነው። እናንተ ከሦስተኛው እንድትጀምሩ ነው ይሄን የምጽፈው።

1. ወቅቱን መምረጥ

መጸው ላይ ሂዱ። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታህሳስ 25 ያለው ነው። (ብዙ ሰው ጸደይ የሚለው እሱን ነው። ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፤ ግን ማን ይሰማል።) እኔ ህዳርን እመርጣለሁ። ዝናቡ አልፏል፣ ሣሩ ገና አልከሰለም፣ ሌሊቱም ነፋሻ ነው። ግንቦት ላይ ከልጆች ጋር አዋሽ እሄዳለሁ የሚል ሰው ካለ በምድጃ ውስጥ ልተኛ እንዳለ ቁጠሩት።

አንድ ችግር አለ። ጥሩው ወቅት የወባም ወቅት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ያቆረው ውሃ ትንኝ ይፈለፍላል። ስለዚህ ረጅም እጅጌ፣ የትንኝ ቅባትና አጎበር የግድ ነው። የድንኳኑ መረብ ይበቃል አትበሉ። ልጅ ሌሊት ሽንት ሲመጣበት ዚፑን ከፍቶ ይወጣል፤ አይዘጋውም።

ከመነሳታችሁ በፊት ፓርኩ ጋ ደውሉ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ ብዙ ሰው ከቀዬው ተነስቷል። ፈንታሌ ደግሞ እዚያው ፓርኩ ውስጥ ያለ እሳተ ገሞራ ነው። የመሬቱንም የመንገዱንም ሁኔታ ጠይቁ። «ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ።

2. ዕቃ

ድንኳን ስትገዙ ሁለት ድርብ ያለውን ግዙ፤ ውስጡ መረብ፣ ላዩ ውሃ የማያስገባ ሸራ። ሲወረውሩት በራሱ የሚዘረጋ አለ፤ ድሬ ታይዋን ገበያ ሻጩ ሲያሳያችሁ አስማት ይመስላል። መልሳችሁ ማጠፍ ግን አትችሉም። እኛ የመጀመሪያውን ሳናጥፈው እንደ ትልቅ ሰፌድ መኪናው ጣሪያ ላይ አስረን ነው የተመለስነው። ሂርና ላይ ያየን ሁሉ ሳቀብን።

አብሮት የሚመጣውን ካስማ እዚያው ተዉት። ቀጭን ሽቦ ነው። ብረት በያጅ ጋ ሂዱና 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ40 ሳንቲ ሜትር አስቆርጡ፤ አንዱን ጫፍ አሹሉት፣ ሌላውን እንደ ከዘራ አስቆልምሙት። አሥራ ሁለት ፍሬ ይበቃል። ከድንኳኑ ይልቅ እምነቴ ያለው በእነዚህ ካስማዎች ላይ ነው። ምክንያቱን አራተኛው ላይ ታገኙታላችሁ።

ውሃ በጀሪካን፣ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ያዙ። የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ ባትሪ፣ ብርድ ልብስ፣ ክብሪት።

3. መንገዱ

ከድሬ ወደ አዋሽ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ። የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ቢያንስ አንዱ ልጅ ያስመልሳል፤ ፌስታል እጃችሁ ላይ ይሁን፣ ቁርስም ከቁልቢ በኋላ ይሁን። ጭሮን፣ ሚኤሶን፣ አሰቦትን አልፋችሁ አዋሽ ሰባት ምሳ ብሉ። ከዚያ ወደ መተሐራ ሲሄዱ የፓርኩ በር አስፋልቱ ዳር ነው። ከፍላችሁ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ያዙ። ስካውቱን ገንዘብ ለማትረፍ ብሎ ለመተው የሚከራከር አይቻለሁ። ሞኝነት ነው።

ከበሩ ወደ ፏፏቴው ሲኬድ ኢላላ ሳላ የሚባለው ሜዳ አለ። ቀስ ብላችሁ ንዱ። ሳላዎቹ የቆሙት እዚያ ነው። ልጆቹ ወንዱን ከሴቷ በቀንድ ለመለየት ይወራረዳሉ፤ ሁለቱም ረጅም ቀንድ ስላላቸው ማንም አይበላም።

ዋናው ነገር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ማደሪያው ላይ ድረሱ። በጨለማ ድንኳን የሚተክል ሰው ከሚስቱ ጋር ሳይጣላ አያድርም።

4. ቦታ መምረጥና መትከል

አቦ፣ እዚህ ላይ ተረጋጉ።

መጀመሪያ የት እንደማይተከል። ባለቤቴ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የደረቀ የጅረት አሸዋ አየና «ፍራሽ አያስፈልገንም፣ ይኸው ለስላሳ» አለ። የድሬ ልጅ ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ ከዓመት ዓመት አሸዋ ነው፤ እንሻገርበታለን፣ ኳስ እንጫወትበታለን። በ1998 ክረምት በአንድ ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። «ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው» አለኝ። ሰማዩ ጥርት ያለው እኛ ጋ ነው። ላይ ቤት ምን እንዳለ በምን ታውቃለህ? አሸዋ ላይ አይታደርም፤ አለቀ።

ወንዙ አፋፍ ላይም አይሆንም፤ አዋሽ ውስጥ አዞ አለ። ከውሃው ራቅ በሉ። ወደ ወንዙ የሚወርድ የተረገጠ ቀጭን መንገድ ካያችሁም እሱ ላይ አትትከሉ። የአውሬ መንገድ ነው፤ ማታ ባለቤቶቹ ይመጣሉ።

ሁለተኛው ጉዞ ላይ የሠራሁት ስህተት ደግሞ ጥላ መምረጥ ነው። ቀን 8 ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ወንዙ ዳር ያለ ትልቅ ዛፍ ሥር ተከልን። እኔ ነኝ የመረጥኩት። ስካውታችን ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ዛፉን ቀና ብለው አዩና «እዚህ ይሻላችኋል እህቴ?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ ጥላ ነው» አልኩ። ዝም አሉ። 12 ሰዓት ሲሆን የዛፉ ነዋሪዎች ለእንቅልፍ መጡ፤ ሃያ የሚሆኑ ጦጣዎች። ሌሊቱን ሙሉ ከላይ ፍሬም ወረደብን፣ ሌላም ነገር ወረደብን። ስካውት በጥያቄ መልክ ሲናገር ትእዛዝ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። አሁን መሬቱ ላይ የፍሬ ልጣጭና ኩስ ካለ ዛፉ ተይዟል ብዬ አልፋለሁ።

ግራር ሥርስ? ጦጣውን ሸሽታችሁ እሾህ ላይ እንዳትወድቁ። መሬቱን በጫማ ሳይሆን በቅርንጫፍ ጥረጉት፤ ከዚያ በጉልበታችሁ እየተንበረከካችሁ በእጃችሁ ዳስሱት። የቀረውን እሾህ እጅ እንጂ ዓይን አያገኘውም። ከድንኳኑ ሥር ሸራ አንጥፉ፤ ሸራው ግን ከድንኳኑ ትንሽ ያነሰ ይሁን። ጠርዙ ከወጣ ጤዛና ዝናብ ሰብስቦ ወደ ሥራችሁ ይከተዋል።

አሁን ንፋሱ። አንድ እፍኝ አፈር በትናችሁ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። የመጀመሪያ ጊዜ ይሄን አላደረግንም። ድንኳኑን አቁመን፣ ውብ ነው ብለን ፎቶ አንስተን፣ ዕቃ ለማውረድ ወደ መኪናው ዞር አልን። ትንሿ ልጄ «እማ፣ ቤታችን እየሄደ ነው» አለች። ዞር ስል ድንኳኑ እንደ ፌስታል እየተንከባለለ ነው። እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ አገኘነው። ሦስት ቦታ ተቀዷል። ካስማዎቹ? ያን ድንጋያማ መሬት ገና ሲነኩት ነው የተጣመሙት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ድንኳኑ ተኝቶ እያለ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ያሉትን ሁለት ማዕዘኖች በካስማ ምቱ። ከባድ ሻንጣና ጀሪካን ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ነው ዘንጉ የሚቆመው። በሩ ከንፋሱ ዞሮ ይሁን። ካስማው ቀጥ ብሎ አይመታም፤ አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ጋደል ይበል፣ ያኔ ገመዱ ሲጎትተው አይነቀልም።

ፌሮውም አልገባ ካለ ከመሬቱ ጋር አትጣሉ። ገመዱን የክንድ ያህል ርዝመት ባለው ወፍራም እንጨት ወገብ ላይ እሰሩ፣ እንጨቱን አግድም አስተኙት፣ ላዩ ላይ ትላልቅ ድንጋይ ከምሩበት። ገመዱን በቀጥታ ድንጋይ ላይ ካሰራችሁት ሲታሽ አድሮ ይበጠሳል።

5. ምግብ፣ ከዚያም ሌሊቱ

የመጀመሪያውን ማታ ራት ቤት ሠርታችሁ ሂዱ። ድካሙ ላይ ሽንኩርት መክተፍ አያምርም። ለቀሪው ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ሩዝ። ምግብ ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ብስኩትም ቢሆን። ጦጣ መረቡን ቀዶ ይገባል፣ ጉንዳን ደግሞ መቅደድም አያስፈልገው። ሁሉም መኪና ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ።

ጅብ ይጮኻል። ልጆቻችን ሐረር ወራባ (ጅቡን እዚያ እንዲህ ነው የሚሉት) ከሰው እጅ ሥጋ ሲቀበል አይተዋል፤ ትልቁ ልጄ «ልጥራው?» አለኝ። የሐረሩ ለዘመናት ከሰው ጋር የኖረ ነው፣ ይሄኛው አያውቃችሁም በሉ፣ በደንብ አስረዱ። ጫማ ውጭ አታሳድሩ፤ ቆዳ ይወዳል። ሽንት ቤት ስካውቱን ቀስቅሶ፣ ባትሪ ይዞ፣ ሁለት ሆኖ ነው።

6. ሲመለሱ

ጠዋት ፏፏቴውን አሳዩአቸው። ውሃው የት ነው የሚሄደው ካሉ፣ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል በሏቸው። የእኔዎቹ መጀመሪያ አላመኑም።

እሳቱን በውሃ አጥፉ፣ አመዱን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ። ካስማ ቁጠሩ፤ ሁልጊዜ አንድ ይጎድላል፣ ሁልጊዜም በአንዱ ልጅ ሻንጣ ውስጥ ነው። ድንኳኑን ቤት ስትደርሱ ግቢ ውስጥ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ በድሬ ፀሐይ አንድ ከሰዓት ይበቃል። እርጥቡን ካጠፋችሁት ይሻግታል። በቀጣዮቹ ሳምንታት ደግሞ አንዱ ልጅ ትኩሳት ካለው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ደሙን አስመርምሩ፣ አዋሽ አድሮ እንደነበርም ንገሯቸው።